ብሎኑ ከመሀል ነበር የሚጀመረው

ልጄ ሳን ሆሴ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተኝቷል። እኔ ኦክላንድ ነኝ፤ ወተቴ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እኔንና እሱን የሚያገናኘን አሮጌ የጃፓን መኪና ደግሞ ሞተሩ ተፈታቶ በራችን ላይ ቆሟል። ያኔ ሕይወቴ ይኸው ነበር፤ ሌላውን ነገር ሁሉ ረስቼዋለሁ።

ምጡ ያለ ጊዜው የያዘኝ ሳን ሆሴ ሥራ ላይ ሳለሁ ስለነበር እዚያው ወስደው በቀዶ ጥገና አዋለዱኝ። እኔን ቶሎ አስወጡኝ፣ እሱን አስቀሩት። መዳፍ የሚያህል ልጅ ነው። የዱቄት ወተት ሲሰጡት ያስመልሰዋል፣ ሆዱ ይነፋል። የሚስማማው የእኔ ወተት ብቻ መሆኑን ነርሷ ደጋግማ ነግራናለች። እኔ በጡት ማለቢያ እያለብኩ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ፣ ባሌ ከሥራ ሲወጣ ያደርሳል። መኪናው ፈልቶ እስኪቆም ድረስ እንደዚህ ነበር የምንኖረው።

ጋራዥ ስንወስደው ገና ኮፈኑን ከፍተው እንዳዩት “ይህን ከምታሠሩ ሌላ ብትገዙ ይሻላችኋል” አሉን። ሌላ መግዛት እንዳለ እኛ ያልሰማን ይመስል። በሞተሩና ቴስታታ በሚባለው የላይኛው ክዳኑ መሀል የምትገባው ስስ ጋርኒሲዮን ተቃጥላ ውሃው ከዘይቱ ጋር እየተደባለቀ ነበር። ባሌ ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ተውሶ መጣ። ከሥራ ጓደኛው ደግሞ ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ በቁጥር የሚያሳይ ረጅም ቁልፍ ተዋሰ። ራሳችን እንሠራዋለን አለኝ። እስከዚያው ሰው እየለመንን ወተቱን አደረስን። ግን ሁሉም ሥራ አለው፣ ሁሉም ሲሮጥ ነው የሚውለው። ስልክ አንስቶ “እባክህ የዛሬን ብቻ” ማለት እንደ ሞት ከበደኝ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ነው፤ በረሃ መሀል ሞተር አውርደው መልሰው የገጠሙ ሰው ናቸው። እኛ ዘንድ ከመጡ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ከመሄድና ያልገባቸውን ቴሌቪዥን ከማየት በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ኮፈኑ ሲከፈት ከሶፋው ተነስተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ያን ቀን አካሄዳቸው ራሱ ተለወጠ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ጠያቂ ደግሞ አይቀርም። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” እያሉ ገንፎ ይዘው ይገባሉ፤ ከዚያ ሕፃን የሌለበት አራስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል ስለማያውቁ ወሬያቸውን ወደ መኪናው ያዞራሉ። “አንቺ ተኚ፣ ብርድ እንዳይመታሽ” ይሉኛል። ለማን ብዬ ነው የምተኛው? ትራሴን እነክሳለሁ። እነሱ ምን በወጣቸው።

ቴስታታው ተመልሶ የሚገጠም ዕለት ወንበር አስጠግቼ በመስኮት አያለሁ። ባሌ መጽሐፉን ከፍቶ ይዟል፣ ረጅሙ ቁልፍ እግሩ ሥር ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ጋሼ ግን ተራ ቁልፍ አንስተው ከዳር ጀመሩ። አንዱን ብሎን ጥርሳቸውን ነክሰው እስከ መጨረሻው ያጠብቃሉ፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ፤ እንዲህ እያሉ በተራ ሄዱ። ባሌ አንድ ጊዜ ጎንበስ አለ።

“ጋሼ፣ መጽሐፉ እኮ…”

“አሰብ መንገድ ላይ መጽሐፍ ማን ሰጥቶኝ ነበር? እጄ ያውቃል፣ አይዞህ።”

“እሺ ጋሼ” አለና መጽሐፉን ዘግቶ ብብቱ ሥር አደረገው። ያየሁት ይህን ነው። መጽሐፉ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ጋሼ እስከዚያ ቀን አንድም ነገር አበላሽተው አይቼ አላውቅም። ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪያየን ድረስ እልል አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ደወለች። እነሱ ዘንድ የቀረው ወተት ለጠዋቱ ብቻ እንደሚበቃ ነገረችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ዛሬ ጡት እንዲሞከርለት ፈቅዷል፤ እኔ ራሴ እንድመጣ አለች። ከወለድኩት ጀምሮ አቅፌው አላውቅም። የበረዶ ሳጥኑን በጠርሙስ ሞልተን ተነሳን። ጋሼም “የሠራሁት መኪና ነው፣ ልጁንም አላየሁትም” ብለው ከኋላ ገቡ።

ሄይዋርድን አልፈን ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ የሙቀቱ መርፌ ተነሳ። ባሌ አየው፣ እኔም አየሁት። ወዲያው ከኋላችን ነጭ ጭስ ተግተልትሎ ወጣ። ባሌ መኪናውን ወደ ፍሪዌዩ ዳር አወጣውና ሞተሩን አጠፋ። የጭነት መኪኖቹ ባጠገባችን ሲያልፉ መኪናችን ይወዛወዛል። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌ “አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ” እላለሁ።

“ውሃ ጎድሎት ይሆን?” አሉ ጋሼ።

“ጋርኒሲዮኑ ነው ጋሼ” አለ ባሌ መሪውን እያየ።

“አጥብቄዋለሁ እኮ።”

ባሌ እንዲህ አለ፤ “ከመሀል ነበር የሚጀመረው። ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ ግራና ቀኝ እየተሻገሩ፣ በባለቁጥሩ ቁልፍ። በአንድ ወገን ጨርሰው ካጠበቁት ሌላው ወገን ውሃ ያሳልፋል።”

“ይህን መቼ ነው ያወቅከው?”

“ሲጀምሩ… መጽሐፉ ላይ አለ።”

“አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?”

“ምን ብዬ ልናገርዎት ጋሼ? እንዴት ብዬ ልድፈርዎት?”

ጋሼ በሕይወቴ ተቆጥተው የማውቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ያኔ ግን አልተቆጡም፤ ድምፃቸው እንዲያውም ዝቅ አለ። “ልጅህ ከእኔ ክብር አነሰብህ?” አሉት።

ባሌ መሪው ላይ ተደፋ። እኔ ሁለቱንም ጠላኋቸው። አንዱን ስላወቀ፣ አንዱን ስላላወቁ፤ ከሁለቱም ይልቅ ያን “እሺ ጋሼ” የሚባል ነገር ጠላሁት፤ እኔም ስለው ያደግኩትን። ይህን ሁሉ ጮኼ ልናገር ነበር። ጋሼ ግን በሩን ከፍተው ሳጥኑን ከጭኔ ላይ አነሱት። “ባቡር አለ አይደል እዚህ? ተነሽ ልጄ” አሉ።

ባሌ መኪናው ዘንድ ቀረ። እኛ በመውጫው በኩል ወርደን ወደ ዩኒየን ሲቲ ጣቢያ በእግር ሄድን። መኪና ላለው ሰው ቅርብ ነው። ስፌቴ በተራመድኩ ቁጥር ይሳባል፤ ጋሼ በአንድ እጃቸው ሳጥኑን፣ በሌላው እኔን ይዘው ፀሐዩን እያዩ ይሄዳሉ። ያኔ ባቡሩ ፍሪሞንት ላይ ያበቃ ነበር፤ ከዚያ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ኮታቸውን አውልቀው ሳጥኑን ሸፈኑበት።

ስንደርስ ቀኑ ገፍቷል። ነርሷ ሳጥኑን ከፈተች፣ ጠርሙሶቹን ዳሰሰች። በረዶው ውሃ ሆኗል። “ሶሪ፣ ይህን ልሰጠው አልችልም” አለችኝ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም። ለዚያ ወተት ስንት ተሰቃይቻለሁ።

ነርሷ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። “አንቺ መጥተሻል እኮ” አለችኝ። እጄን አስታጥባ፣ ወንበር ሰጥታ፣ ልጄን ከነመሣሪያው ገመድ ደረቴ ላይ አስቀመጠችው። መያዝ አቃተው። አፉን ይከፍታል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል። እግሩን ስትነካካው ይነቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ከዚያ ያዘ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዋጠ። መተንፈስ ፈራሁ።

ጋሼ ውስጥ መግባት አልተፈቀደላቸውም። ስወጣ ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

“ጠጣ?”

“ትንሽ ጠጣ ጋሼ።”

በኮታቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

መኪናው በሌላ ሰው መኪና ተጎትቶ በራችን ላይ ተመለሰ፤ ቴስታታው እንደገና ወረደ፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ገባ። ብሎኖቹ ሊጠብቁ ሲሉ ጋሼ ባለቁጥሩን ቁልፍ ከጨርቁ ላይ አንስተው ለባሌ ሰጡት። መጽሐፉን ራሳቸው ያዙ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ነፋሱ ገጹን እንዳይገልጠው ግን በሁለት እጃቸው ወጥረው ይዘው መጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ባሌ በየመሀሉ “ጋሼ፣ ይረፉ” ይላቸዋል። እሳቸው “ዝም ብለህ አንብብ” ይሉታል። እኔ ብርድ እንዳይመታኝ ተብዬ የምተኛዋ አራስ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ደረጃው ላይ ቆሜ ስለ እያንዳንዱ ብሎን “ስንት አለ?” እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ባሌም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግረኛል።