ካርታው ላይ ያልገባው ቫልቭ

የከተማውን የውሃ ቧንቧ ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። የውሃ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቹ «ካዝናው» ይሉታል። የት ምን እንደተቀበረ፣ የትኛው ቫልቭ ወደ ግራ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ዝጎ ሁለት ሰው እንደሚፈልግ ያውቃል፤ መናገር ላይ ነው እንጂ ችግሩ። ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር ይደወልለታል። ይመጣል፣ «እስቲ ዞር በሉ» ይላል፣ ዘግቶ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግና ይሄዳል። ስልኩን በሃያ ዓመት ውስጥ አጥፍቶ አያውቅም። ንፉግ ነው የሚሉት ተሳስተዋል፤ ፈሪ ነው።

ፍርሃቱን ያስተማረው የቀድሞ አለቃው ነው። ያ የዋህ ሰውዬ የሚያውቀውን ሁሉ በደብተር ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ አስረከበ። ተጨበጨበለት፤ ወሩ ሳይሞላ ደግሞ «የሠራተኛ ቅነሳ» ተብሎ ተሸኘ። ደብተሩም ብዙ ሳይቆይ የገባበት ጠፋ። ያን ቀን የአለቃውን ዕቃ በካርቶን ተሸክሞ እስከ በር ያደረሰው ካዝናው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ነገር ወረቀት ላይ አላሰፈረም።

ይሄው ሰው እንግዲህ ውጭ አገር መማር አማረው። አንድ የውጭ መንግሥት በየዓመቱ ከድሃ አገሮች ባለሙያዎችን እየመረጠ፣ ወጪያቸውን ችሎ ሁለት ዓመት ያስተምራል። ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ «እናዝናለን» ተብሏል። የዕድሜ ጣሪያው አርባ ነው፤ እሱ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ሆኖታል። ዘንድሮ ካመለጠው በቃ፣ አለቀ።

ዘንድሮ ታዲያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። የቀረው የመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ደስ እያለኝ ነበር የምፈርምልህ። ግን አንተ ከሄድክ ቧንቧውን ማን ያውቀዋል?»

«ለጽሕፈት ቤቱ ልጆች አሳያቸዋለሁ ጌታዬ።»

«ማሳየቱን ተወው፤ ካርታ ሥራልኝ። አንድም ሳይቀር። ካርታው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ፊርማዬም ያርፋል።»

እንዳይባረር ብሎ ያጠረው አጥር እንዳይወጣም ያዘው። ምን ያድርግ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአዲሷ መሐንዲስ ጋር መንገድ ለመንገድ ዞረ፤ እሱ በጫማው ጫፍ ያሳያል፣ እሷ ትለካለች፣ ትጽፋለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመህ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አለችው አንድ ቀን።

«አይወስደኝም።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች።

መቶ አርባ ሁለት ቫልቮች ካርታው ላይ ገቡ። አንዱ ቀረ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ የቀድሞ አለቃው ካርቶን ትዝ አለው። ባይመርጡኝስ? ካርታውን ወስደው እንደ አለቃዬ ቢሸኙኝስ? «እዚህ ምንም የለም» አለና እግሩን አፈጠነ። መሐንዲሷም አመነችው፤ ካዝናው የለም ካለ የለም ነው። ካርታው የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አረፈ፤ ፊርማውም ደብዳቤው ላይ።

ለሚስቱ ብቻ ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለቃለ መጠይቁ የሚለብሰውን ኮት እጅጌ እያሳጠረች ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሂድ ወይ ቅር!» አለችው። «አንድ እግርህን ደጃፍ ላይ ትተህ የት ልትደርስ ነው?»

«ለክፉ ቀን ትሁነኝ ብዬ ነው።»

«እሱን ቀን ራስህ እየጠራኸው ነው» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በቀጠሮው ቀን ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጠ፤ ሁለቱ የዚያ መንግሥት ሰዎች፣ ሦስተኛው ከገዛ አገሩ ሚኒስቴር የመጡ ሽማግሌ። ሰብሳቢዋ በራሷ ቋንቋ ጠየቀችው፤ «ተምረህ ስትመለስ እውቀትህን ለባልደረቦችህ የምታካፍለው እንዴት ነው?»

ይህን ጥያቄ ጠብቆት ነበር፤ መልሱን መስታወት ፊት ቆሞ ሸምድዶታል። «ሥልጠና በማዘጋጀት» ብሎ ሲጀምር ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። «መመሪያ በመጻፍ» አለ፤ ደግሞ ነዘረ። በሦስተኛው ከጠረጴዛው በታች ሰረቅ አድርጎ አየው። መሐንዲሷ ጽፋለች፤ «ጤና ጣቢያው ጀርባ ፈንድቷል። ውሃው ማዋለጃ ክፍል ገብቷል። ካርታው ላይ ያለውን ሁሉ ዘጋን፣ አልቆመም።»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄኔ ነው። አሥር ደቂቃ ዝም ቢል ቃለ መጠይቁ ያልቃል፤ በአሥር ደቂቃ ምን ይመጣል? ግን ማዋለጃ ክፍሉን ያውቀዋል፤ ሚስቱ ሁለቱንም ልጆቻቸውን የወለደችው እዚያ ነው። አልጋዎቹ ከወለሉ ብዙም ከፍ አይሉም። «ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ ቆመና ደወለ።

«ዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ከደረጃው ሦስት እርምጃ፣ የተሰነጠቀው ንጣፍ ስር። ወደ ግራ ነው፤ ለሁለት ያዙት።»

«እዚህ ምንም የለም ብለኸኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ!» ከበስተጀርባዋ ውሃው ያጓራል፣ ሴቶች ይጮኻሉ።

«አለ። ደብቄሽ ነው። ፈርቼ ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ «ቆመ፣ ቆመ!» የሚል ሰማና ተቀመጠ።

ሰብሳቢዋ ወደ ሽማግሌው ዞራ ምን እንዳለ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ሁሉንም ሰምተዋል። መነጽራቸውን አውልቀው አዩትና «እሱው ይንገርሽ» አሏት።

የሸመደደው ሁሉ ከአፉ ጠፍቷል።

«እውቀቴን እንዴት እንደማካፍል ነበር ጥያቄው» አለ። «እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላካፍልም ነበር።»

ሴትየዋ ብዕሯን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። ረጅም ጻፈች። እሱ ከተቀመጠበት ፊደሉ አይነበብም።