ልጄ ቪየናን ያሳየችኝ ቅዳሜና እሁድ

ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ የወጣሁ ዕለት ማታ ባለቤቴ ተስፋዬ ሻንጣዬን ከፍቶ አየና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ልትጠይቂ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት ልትከፍቺ?" አለኝ። የያዝኩት በሶ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ነበር። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፤ ልጄ በሰው አገር ምን ትበላለች ብዬ ነው።

ዴንቨር ኤርፖርት ፈታሹ የበሶውን ላስቲክ አነሳው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ገብስ።"

"ገብስ ለምን?"

"ለልጄ።"

"አውሮፓ ምግብ የለም?"

"ለጾም የሚሆን አይመስለኝም።"

ትክ ብሎ አየኝ። ላስቲኩን በወረቀት ጠራርጎ ወረቀቱን ማሽን ውስጥ ከተተና አሳለፈኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ እናንተም እንደኔ የወጣችሁ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ግራ ስለገባኝ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ በመተማ በኩል ሱዳን የገባሁ ሰው ነኝ። ካርቱም ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተኝቻለሁ። ፈጣሪ አሜሪካን ሰጠን። መጀመሪያ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን፣ ዛሬ የራሳችን ቤት አለን። እንግልውድ አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ተመስገን። ሶስና አንድ ልጃችን ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አደገች። ኮሌጇ ለመጨረሻው ሴሚስተር ጀርመን ላካት። ለአንድ ሴሚስተር ነበር የተባለው።

ከዚያ ደወለች። "እማዬ፣ ነይ፣ ቪየናን ላሳይሽ። በጣም ቺፕ ትኬት አግኝቻለሁ። የምነግርሽ ነገርም አለ።"

"አሁኑኑ ንገሪኝ።"

"ኖ፣ ስትመጪ።"

እናት እንዲህ ስትባል ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ። ሁሉንም አሰብኩት። ለተስፋዬ ግን አልነገርኩትም።

ሙኒክ ኤርፖርት ተቀበለችኝ። ያው የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላለች፣ ሌላ ዕቃ የላትም። በአውቶቡስ ቪየና ገባን። የዴንቨር ብርድ ፀሐይ አለው፤ የቪየናው እንደ ደብረ ብርሃን ሐምሌ አጥንት ይገባል። ከተማው ግን ሲያምር! ቤቱ ሁሉ ቤተ መንግሥት ይመስላል። እኛ ሁሉንም ከደጅ አየነው። "ውስጡ በክፍያ ነው፣ ውጩ ይሻላል" አለችኝ። አመንኳት።

ያረፍንበት ቤት እንግዳ ተቀባዩ ልጅ፣ "ፎጣ በኪራይ ነው" አለን።

"ብርድ ልብሱስ?" አልኩት።

"እሱ ነጻ ነው። አንሶላውን ግን ራስዎ ያነጥፉታል።"

ክፍሉ ውስጥ የማናውቃቸው ልጃገረዶች በተደራራቢ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ቦርሳቸውን እንደ ትራስ አቅፈዋል።

"ሶስና፣ ለዚህ ከፈልሽ?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ካርቱም በነጻ ነበር።"

ከት ብላ ሳቀች። "እማዬ፣ ዲስ ኢዝ ፈን!" እኔ አልሳቅሁም። ሰው ይህን ለደስታ ብሎ ያደርገዋል? በሶውን በጠበጥንና ጠጥተን ወጣን።

ማታ ኦፔራ የሚባለው ቤት ወሰደችኝ። "በጾም ዘፈን አልሰማም" አልኳት። "ዘፈን አይደለም፣ ኦፔራ ነው" አለችኝ። ልዩነቱ እስካሁን አልገባኝም። የእኛ ቦታ ርካሹ፣ የቁም ነበር። አንዲት ሴትዮ መድረክ ላይ እየሞተች ትጮኻለች፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ሶስና እግሯ ዛለ፣ ግድግዳ ተደገፈች። እኔ ቅዳሴ ቆሜ የማስቀድስ ሰው ነኝ፣ ምንም አልመሰለኝም። የምትነግረኝን ግን አሁንም አልነገረችኝም።

እሁድ ጠዋት፣ "ቤተ ክርስቲያን ልሳለም" አልኳት። መሐል ከተማ ወዳለው ትልቁ ወሰደችኝና እሷ ፎቶ ልታነሳ ውጭ ቀረች። በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ግድግዳው ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኩና በካልሲ ገባሁ። ድንጋዩ በረዶ ነው። ጸሎቴን አድርሼ ቀና ስል ጠባቂው ፊቴ ቆሟል። እግሬን ያሳየኛል።

"ማዳም፣ ጫማዎ?" አለኝ በእንግሊዝኛ።

"ቅዱስ ስፍራ ነው" አልኩት።

"እዚህ ሰው ሁሉ በጫማ ነው የሚገባው።"

"ስለማያውቁ ይሆናል።"

አብረን ወደ በሩ ሄድን። ጫማዬ የለም። ባለቤት የሌለው ዕቃ በር ላይ ሲገኝ ጥበቃዎች እንደሚያነሱት ነገረኝ። "ባለቤት አለው፣ እኔ ነኝ" አልኩት። "ማስረጃ አለዎት?" አለኝ። እግሬን አሳየሁት።

ሶስና ሮጣ መጣች። በጀርመንኛ አናገረችው። ቶሎ ቶሎ፣ እጇን እያወናጨፈች። አንድ ነገር ብላ አሳቀችው፣ እሱም መልሶ አሳቃት። ልጄ ከእኔ ጋር አማርኛ ስታወራ ቃል ትፈልጋለች፤ እንግሊዝኛ ስታወራኝ ለእኔ ብላ ቀስ ትላለች። እዚያ ግን ቃል አልፈለገችም፣ ቀስም አላለች። የምትነግረኝን ነገር ሳትነግረኝ አወቅሁት።

ሰውየው ጫማዬን በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። ይባረክ። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሶስና ተንበርክካ ታስርልኝ ጀመር።

"እማዬ፣ ሴሚስተሩን ስጨርስ አልመለስም። ማስተርሴን እዚያው ጀርመን እቀጥላለሁ፣ ከዚያም ሥራ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"አይ ዶንት ኖው።"

"አሜሪካ ምን አደረገችሽ?"

"ምንም። አሜሪካን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። እኔ እስካሁን ምንም መርጬ አላውቅም።"

እኔስ መቼ መረጥኩ? ወደ ተከፈተልኝ በር ነው የገባሁት። ይህን ግን አላልኳትም። እኛ አልቅሰን ለምነን ያገኘነውን አገር ልጄ በአንድ ቦርሳ እየሳቀች ትወጣዋለች። ስደት እንዳልል፣ ማን አሳደዳት? ሽርሽር እንዳልል፣ መመለሻ የለውም።

"ትመርቂኛለሽ?" አለችኝ ቀና ብላ።

"አስቀድሜ አባትሽን ላማክር።"

ሙኒክ እስክንገባ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ነበር፤ መተኛቷን ግን እንጃ።

ተስፋዬ ከኤርፖርት ይዞኝ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ሃቫና ስትሪት ላይ፣ ሁልጊዜ እንጀራ የምንገዛበትን ሱቅ ሳያቆም አለፈው። ቆይቶ፣ "የማን ልጅ ሆና ትቀመጥ?" አለ። መቆጣቱ ይሁን መኩራቱ አልገባኝም፤ እሱም የገባው አይመስለኝም።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ደወለች። "እማዬ፣ ነገ አፕላይ ላደርግ ነው። ምርቃቴስ?"

እኛ ዘንድ ለመንገደኛ የሚባለው "በሰላም መልሶ ያግባሽ" ነው። ጎጆ ለምትወጣ ደግሞ "ውለጂ፣ ክበጂ፣ የረገጥሽው ይለምልም" ይባላል። የመጀመሪያውን ብላት ተመለሽ ማለቴ ነው፤ ሰምታ ታዝናለች። ሁለተኛውን ብላት በገዛ አፌ ለሰው አገር ሰጠኋት። ልጄ የቷ ናት? መንገደኛ ናት ወይስ ጎጆ ወጪ?

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብዬ ጀመርኩ።

"አሜን" አለች። እናንተ ብትሆኑ ቀጥሎ የቱን ትሏት ነበር?