የውሰት ሽማግሌዎች

የልጅ ልጄ ከሰዓት በኋላ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ አንድ የድሮ ልብ ወለድ ታነብልኝ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ደቃቅ ጽሑፍ ያደክመኛል።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው የሚወዳትን ልጅ እንዲጠይቁለት ሽማግሌዎች ይልካል። አባቷ ሰባት ቤት ቁጠሩ ሲላቸው፣ የሰውዬውን አያት አንዱ በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም ጠሩት።

«እነዚህ የውሰት ናቸው» አልኳት።

«እማዬ፣ ገና መጀመሪያው እኮ ነው። ምነው ሰውዬውን ጠሉት?» ብላ ሳቀች።

«አያቱን የማያውቅ ሰው እንዴት ዋስ ይሆነዋል?»

ጥቂት ምዕራፎች አልፈን እውነቱ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከጠጅ ቤት የተለቀሙ ነበሩ። ሰውዬው ሞቷል ያለው አባቱ በሕይወት አለ፤ አባቱ የካደውም ሰውዬው አንዲት ሴት ከነልጇ ጥሎ ስለጠፋ ነው። የልጅ ልጄ መጽሐፉን አጠፈችው። በግምቴ የተገረመች መስሎኝ ኮራሁ።

በዚያው ሰሞን የእሷም ወዳጅ ሽማግሌ ላከ። ሐይቅ ዳር ሆቴል የሚሠራ፣ አንደበቱ የሚጥም ልጅ ነው። ጋቢ የለበሱት ሰዎች ገብተው እንደተቀመጡ ሰባት ቤት ቁጠሩልን አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ የልጁን አባት ስም ጠርቶ ከዚያ ወዲያ አልዘለቀም። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አንዴ ስልክ ልደውል» ብሎ ተነሣ።

«ለልጁ ከሆነ፣ እሱው መጥቶ ይቁጠራ። እናንተ ለምን ደከማችሁ?» አልኩት።

የልጅቷ አባት፣ ልጄ፣ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና እሺታውን ሰጣቸው።

ሲሄዱ የልጅ ልጄን ማድ ቤት ተከተልኳት። ብርጭቆ ታጥባለች።

«የውሰት ናቸው።»

«አውቃለሁ። ከዘመዶቹ ተጣልቷል፤ ነግሮኛል።»

«በምን ተጣሉ?»

«አልጠየቅኩትም።»

መጽሐፉን ያጠፈችው ገርሟት እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

«ያችኛዋም አልጠየቀችም» አልኳት።

«እሱ ልብ ወለድ ነው፣ እማዬ። ደግሞ እውነቱን ብንነግርዎት እሺ ይሉን ነበር?»

«አልልም ነበር።»

«አዩ» አለችና ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጄ ዘመኑ ተለውጧል ይለኛል፤ የድንኳኑንም ዋጋ ተነጋግሯል። እሷ ማንበቡን ትታዋለች። መጽሐፉን ከመስኮቱ ላይ አንሥቼ፣ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ለብቻዬ እገፋዋለሁ። የመጽሐፉ ልጅ እያወቀች አግብታዋለች። የቀሩት ገጾች ጥቂት ናቸው፤ ነገሩ እንዲቃና የሚበቁ አይመስሉኝም።