አባ ቦራ የደበቁት ስም

ለይኩን በጅማ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ትዕግሥቱ አልቆ አያውቅም ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን አንድ ቅጽ ጨረሰበት።

ቅጹ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጥንታዊው ቦታ ስምና የሚገኝበት አካባቢ። ከአጋሮ ወዲያ፣ ለመንግሥት ቡና እርሻ ማስፋፊያ በተከለለ ጫካ ውስጥ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን መሠረት አለ። ለይኩን ለሌላ ሥራ ሄዶ ነው በአጋጣሚ ያየው። መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ግማሹን አፈር በልቶት፣ ግማሹ ብቅ ብሎ ቆሟል። አባቱ የቡልጋ ቄስ ነበሩ፤ ይህን አገር በድሮ ስሙ እየጠሩ «በዚያ በእናርያ በኩልም ድሮ ታቦት ነበረ» ሲሉ የሽማግሌ ወሬ እያለ ይስቅባቸው ነበር። ድንጋዩን ሲያይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ቦታው በቅርስነት ከተመዘገበ ጫካው አይነካም። ካልተመዘገበ ግንቦት ላይ ዶዘር ይገባበታል።

አካባቢውን በግማሽ ሰዓት፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ ሞላው። ስሙ ነው ያስቸገረው። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሙስሊም ቢሆንም ከዚያ ጫካ አንዲት ቅርንጫፍ አይቆርጥም። ከብት ሲሰረቅ፣ ድንበር ሲገፋ፣ የተጠረጠረውን ሰው ድንጋዩ ዘንድ ወስደው በቦታው ስም ያስምሉታል። ስሙን የሚጠራው አስማዩ ብቻ ነው፤ እሱም ለመሐላ ካልሆነ አይጠራውም። አስማዩ አባ ቦራ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቡና ገበሬ ናቸው። ለይኩን ሁለት ጊዜ ሄዶ ለመናቸው። ሁለቱንም ጊዜ ማር አብልተው፣ መርቀው፣ ባዶ እጁን ሸኙት።

ቅጹ ሁለት ጊዜ «ለማሟላት ተመልሷል» ተብሎ ተመለሰ።

«ስም የሌለው ቅርስ የለም፣ ጓድ ለይኩን» አለው አለቃው ጓድ ፈየራ። «አንድ ስም አውጣለትና ገላግለን። ሚካኤል በለው፤ ማን ይጠይቅሃል?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው እኮ። የቀበሌ ሱቅ መሰለህ እንዴ ስም የማወጣለት?»

ቤቱ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ሸዋረገጥ ትጠብቀዋለች። «ጎረቤት ባልሽ የት ሄደ ሲለኝ ምን ልበል? ስም ፍለጋ ልበል?» ትለዋለች።

በሚያዝያ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ጭቃው እስከ ጉልበቱ ለወሰው። አባ ቦራን ደጃፋቸው ላይ አገኛቸውና ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ገነፈለ።

«አባ ቦራ፣ ዶዘሩ ሊመጣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እርስዎ አንድ ስም ሰስተው ጫካውን ሊያስበሉት ነው።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ያ ለይኩን» አሉት በኦሮምኛ አጠራር፣ «መሬቴን ጻፉ፣ ሄደ። ጠመንጃዬን ጻፉ፣ ሄደ። አምና ልጄን ገበሬ ማኅበሩ ለዘመቻ ጻፈው፤ ኤርትራ ነው አሉኝ። ወላሂ፣ የተጻፈ ነገር ሲመለስ አላየሁም።»

«ይሄ እኮ የሚጻፈው እንዳይወሰድ ነው።»

«ኤዬ፣ አዎ፤ እነሱም ሲጽፉ ለጥቅምህ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ስሙን መስማትህ ካልቀረ ተከተለኝ» አሉትና ተነሡ። ጫካው ውስጥ ገብተው ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ አንድ እጃቸውን በመስቀሉ ላይ፣ ሌላውን በለይኩን ትከሻ ላይ አደረጉና ስሙን ጠሩት። ሁለት የግዕዝ ቃል ነው። ትርጉሙን የማያውቁ ሙስሊም ሽማግሌ ከአባት ከአያታቸው እንደተቀበሉት፣ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ አሉት። ለይኩን በደስታ እስክሪብቶውን ሊያወጣ ኪሱን ዳሰሰ።

አባ ቦራ ግን አልጨረሱም ነበር። «በዚህ ስም ይዤሃለሁ፤ ወረቀት ላይ እንዳታሰፍረው» አሉት።

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የሚያውቅ ሰው ካለ ይፍረድ። ለይኩን በቡና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ እስከ ጅማ ድረስ ስሙን በአፉ እንደያዘ፣ በንዴት ጥርሱን ሲያፋጭ መጣ። ቢሮው ተቀምጦ ሦስት ጊዜ እስክሪብቶውን አነሣ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጠው። የቄስ ልጅ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ስም ተይዞ መሐላ እንዴት ያፍርስ? ፈሪ ነው የሚል ይኖራል፤ ይበል። ስሙ ሳይሞላ ቀረ።

ዶዘሩ በግንቦት ገባና በሁለት ቀን ጨረሰው። ድንጋዩን ከዛፍ ሥር ጋር ገፍቶ ገደል ከተተው። በሰኔ የቡና ችግኝ ተተከለበት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በእሑድ ረፋድ፣ አባ ቦራ እየጠየቁ ቦሳ ኪቶ ድረስ መጡ። ሸዋረገጥ ሻይ ብታቀርብላቸው አልነኩትም።

«ፈትቼሃለሁ፤ ስሙን ጻፈው» አሉት ለለይኩን።

የሦስት ወር ንዴት በአንድ ጊዜ ወጣ። «አሁን? ምኑ ቀረና ነው የምጽፈው? ያኔ እግርዎ ላይ ወድቄ ስለምንዎት የት ነበሩ?»

«ከእኔ በኋላ ስሙን የሚይዝ ልጄ ነበር» አሉ አባ ቦራ። «አብሮት የዘመተ ወታደር መጥቶ ነገረኝ። ረመዳን ውስጥ ነው የሞተው።»

ለይኩን ተነሥቶ ከቢሮ ወደ ቤት ያመጣውን ቅጽ ከሣጥኑ ውስጥ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ስም በሚለው ፊት ለፊት «ምዕራፈ ቅዱሳን» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የሚገኝበት አካባቢ ወደሚለው ወረደ። በየካቲት በራሱ እጅ አሳምሮ የጻፈውን ረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሰመረበት።

አባ ቦራ ማንበብ አይችሉም፤ እጁን ግን ሲከታተሉ ነበር። «ምኑን ነው የሰረዝከው?» አሉት።

«ቦታውን» አላቸው።