ሁሉም የሚጽፍበት መዝገብ

ቢሮውን አልጠራም፤ ጋይንት ውስጥ መሆኑ ይበቃል። ለመሬት ምዝገባ የተቀጠርሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ከጥግ ያለች ጥቁር ሣጥን አሳዩኝ። ሰርቨር የሚሏት የጋራ ኮምፒውተር ናት፤ አራታችንም የቢሮው ሠራተኞች ከየጠረጴዛችን በገመድ እንገባባታለን። «የገበሬው ማሳ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው» ሲሉኝ «ወይ ጉድ!» ብዬ ፈዝዤ ቀረሁ።

አሠራሯን ሊያስተምረን የመጣው አሠልጣኝ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ አሳየኝ። ሣጥኗ ሰው ትለያለች! እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው፣ ቡድን አለው፣ የቀረው «ሌላ ሰው» ይባላል፤ ማን እንዲያነብ፣ ማን እንዲጽፍ ለየብቻ ይፈቀዳል። የማሳውን መዝገብ እኔ እንድጽፍ፣ ሌሎቹ እንዲያነቡ ብቻ አደረግሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ኩርፊያ መጣ። ምሳ ከአንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች ነን። «ምን ሰርቀንሽ ነው የምትዘጊብን?» አለችኝ ከጎኔ የምትሠራው አስካለ። አፈርሁ። በአንድ ትእዛዝ ሁሉም እንዲጽፍ ከፈትሁትና ጉርሻዬን ተቀበልሁ።

ክረምት ሊገባ ሲል እማማ ውድነሽ ከአርብ ገበያ በኩል በእግራቸው መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ የይዞታ ደብተራቸው ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። ምትክ ልሰጣቸው ፋይሉን ብከፍት ማሳው በባላቸው ወንድም ስም ሆኗል። ክው አልሁ።

«እሱማ በሬ ጠምዶ ገብቶበታል፤ እናንተ አላችሁልኝ ብዬ ነው የመጣሁ» አሉኝ።

ማን እንደቀየረው ብፈልግ፣ ፋይሉ የተነካበትን ቀን እንጂ የነካውን ሰው አይነግርም። አራታችንም መጻፍ እንችላለን። አስካለ አለቀሰች። ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን።

የቀረን ቅጂው ነበር። ሣጥኗ የመዝገቡን ቅጂ በየሳምንቱ በራሷ ታስቀምጣለች፣ የቀድሞውንም አታጠፋም፤ አሠልጣኙ «አስተዳዳሪ» በሚባለው የሣጥኗ ዋና ስም ከሚገባ በቀር ማንም እንዳይነካው ቆልፎት ሄዷል። ጋሽ ታደሰ በራሳቸው ስም ገብተው ሊከፍቱት ሞከሩ። ፈቃድ የለም አለቻቸው።

«እኔንም?»

«እርስዎንም፣ ጋሼ።»

ለአለቃ የማታጎበድድ ዕቃ ያን ቀን አየሁ። ጠጉሬ ቆመ።

አሠልጣኙ በአደራ በተወልኝ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ገባሁ። ስሙ ከመቀየሩ በፊት ከተቀመጠው ቅጂ ላይ የእማማ ውድነሽ ስም ከነፎቷቸው ብቅ አለ። «ተመስገን! እኔው ነኝ!» ብለው ስክሪኑን ሳሙት። እንባዬን መያዝ አልቻልሁም።

ምትኩን ደብተር ስሰጣቸው «ስሜን የፋቀው ማነው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እማማ። ለሁሉም የከፈትሁት ግን እኔ ነኝ።»

ደብተሩን በነጠላቸው ጠቅልለው ሳይመርቁኝ ወጡ።

የመጻፍ ፈቃድ ለሚጽፈው ሰው ብቻ ይሰጣል። ለሁሉም ከተከፈተ ታማኙም ይጠረጠራል፤ ባለጉዳዩም ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ያጣል።