የትርሲት የአክስት ልጅ

ቡሬ ውስጥ ቢያድግልኝን የማያውቅ ባለ ባጃጅ የለም። ከነቀምቴ መገንጠያ ዝቅ ብሎ ጋራዥ አለው፤ አራት ቆርቆሮና አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ጋራዥ ከተባለ። እዚያ ከጧት እስከ ማታ ባጃጅ በጎኑ አጋድሞ ሲፈታ ይውላል። ሲፈታ እጁን የሚያህል የለም። ሲገጥም ግን ሁልጊዜ አንዲት ብሎን ትተርፈዋለች። «ይቺ ድሮም አታስፈልገውም ነበር» ይልና ኪሱ ይከታታል። ባጃጁም ይነሣል፤ እንዴት እንደሚነሣ እግዜር ይወቅ።

የዚህን ሰው ታሪክ የምጽፈው ወድጄው አይደለም። እኔ አስናቀው እባላለሁ፤ ቤት ለቤት እየዞርሁ የውኃ ቆጣሪ አነባለሁ። ከትርሲት ጋር አራት ዓመት በአንድ ግቢ ተከራይቼ ኖሬአለሁ፤ ክፍሌን ከክፍሏ የሚለየው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ቢያድግልኝን ካነሡ ትርሲትን ማንሣት ግድ ነው። ትርሲትን ካነሣሁ ደግሞ የራሴንም ጉድ ማውጣቴ አይቀርም።

ትርሲት የሒሳብ መምህርት ናት፤ አገሯ የደምበጫ ገጠር። የበርበሬዋ ጣሳ ላይ በርበሬው የተፈጨበት ቀን ተጽፎ ተለጥፏል። ሰዓቷን አምስት ደቂቃ ታስቀድማለች፤ ማስቀደሟንም እያወቀች ሌላ አምስት ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች። ዝም አይነቅዝም የምትል ሴት ናት። ተማሪ ሲያረፍድባት አትቈጣም፤ ሰዓቷን ብቻ ታያለች፤ ያ ተማሪ ሁለተኛ አያረፍድም። ቢያድግልኝ ግን ሰዓት የሚጠይቀው ከሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጾም በወኔ ይይዝና ኀሙስ ላይ በእንቁላል ይፈታዋል፤ «ረስቼው» ይላል። ስልኩን ባጃጅ ውስጥ ረስቶ ሞተሩን ገጥሞ የዘጋበት ቀን አለ፤ ሲደወልለት ባጃጁ ጮኸ።

የተዋወቁት ትርሲት ተመድባ ቡሬ የገባች ዕለት ነው። ዝናብ ነበር። ከሚኒባስ ወርዳ ፍራሿን የጫነችው በሱ ባጃጅ ላይ ነው፤ ባጃጁ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። በሁለተኛው ጊዜ፣ «ይህን ራስህ ነህ የምትጠግነው?» አለችው። «አዎ።» «ያስታውቃል» አለችው። እሱ ሳቀ፤ ሰው ሲሰድበው ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ነው።

የግቢያችን ባለቤት እማማ ንግሥቴ ለሴት ሲያከራዩ አንድ ሕግ አላቸው፤ ወንድ የክፍሏን ደፍ አያልፍም። ቢያድግልኝ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ ደፉን ሲያልፍ ደረሱበት።

«ይሄ ማነው?»

«የአክስቷ ልጅ ነኝ እማማ» አለ ከፍራሹ ሥር።

ትርሲት ደነገጠች፤ ነገር ግን ዝናቡ እየወረደ፣ ፍራሿም እየራሰ ስለ ነበር ዝም አለች። ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚሁ ላይ ባበቃ። እኛ ግን ጎጃም ነን፤ ዘመድ ነኝ ያለ ሰው በማን በኩል እንደሆነ ሳይጠየቅ አያድርም።

«በየትኛይቱ አክስቷ?»

«በናቷ እኅት፣ በውቢት። ወደ አዊ ተድራ እኔን እዚያው ወለደችኝ።»

እንዲህ ሆና ውቢት ተወለደች። ቢያድግልኝ ከአዊ ቤተ ሰብ መወለዱ እውነት ነው፤ ውቢት የምትባል እናትም ሆነ አክስት ግን የለም። እማማ ንግሥቴ አልረሷትም። «ውቢት እንዴት ናቸው?» ይሉታል በመጣ ቁጥር፤ ባዶውን ላለመመለስ ጉልበቷን ያማታል አላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ውቢት ጉልበት ስንት ሱባዔ ገቡ መሰላችሁ! ግሽ ዓባይ ወርደው በጀሪካን ጠበል ቀድተው መጡላት። ቢያድግልኝ ጠበሉን ጋራዥ ወስዶ ለራሱ ወገብ ጠጣው። ወገቡ ተሻለው፤ «ተሽሏታል» አላቸው፤ እማማም እልል አሉ።

ዘመድ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ትርሲት ዘንድ ምሳ ይበላል፣ በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ። እሷ ፈተና ታርማለች፣ እሱ ያወራል። የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ጠግኖ ብሎን አተረፈ። እሷ ደግሞ ጋራዡ ሄዳ የትኛው ባጃጅ ለመቼ እንደ ተቀጠረ ቆርቆሮው ላይ በጠመኔ ጻፈችለት፤ ዝናብ አጠበው፤ መልሳ ጻፈች። ሲስቁ በኮምፔርሳቶው ይሰማኛል። «የዘመድ ሳቅ እንዴት ደስ ይላል» እል ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል የተባለው ለኔ ነው።

እኔም እሷን የወደድኋት በዚያው በኮምፔርሳቶው በኩል ነው። ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ራዲዮዋ ይከፈታል፤ ሩብ ሲሆን መጥረጊያዋ ይሰማል። እንዲህ ያለች ሴት የያዘ ሰው ሕይወቱ አይዝረከረክም ብዬ አሰብሁ። ለሷ አንድ ቃል ሳልተነፍስ በደንቡ ሽማግሌ ለመላክ ቆረጥሁ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስንና ሁለት ጎረቤቶች ለመንሁ። መሪጌታ በመጀመሪያ የጠየቁኝ የአባቶቼን ስም ነው፤ ሰባት ቤት ድረስ ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እኔ የማውቀው እስከ አምስት ነው። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ከቆጣሪ ደንበኞቼ ስም መርጬ ሞላሁ።

በደንቡ ሽማግሌ የሚሄደው ደምበጫ፣ አባቷ ዘንድ ነበር። ያን ሰሞን ግን ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ያለው መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። መሪጌታ አሰቡና፣ «ዘመዷ እዚሁ ቡሬ አለ አይዶለም ወይ? አስቀድመን በአክስቷ ልጅ እንግባ» አሉ።

ሽማግሎቹ ከቅዳሴ መልስ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ጋራዡ ደረሱ። ቢያድግልኝ በሰንበት ባጃጅ ሥር ተኝቶ ነበር። እግራቸውን ሲያይ ሰንበትን በመሻሩ ሊገሥጹት የመጡ መሰለውና ሲነሣ ግንባሩ ከብረት ተላተመ። እጁ በግራሶ ስለ ጨቀየ ክንዱን ዘረጋላቸው።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ» አለና አሮጌ ጎማ አንከባለለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «ዘመድ ፍለጋ ነው አመጣጣችን። እኅትህን ትርሲትን ለልጃችን ለአስናቀው እንድትሰጠን።»

መሪጌታ በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ልጁ ሁለቱን እጆቹን ትኩር ብሎ አያቸው፤ የያዘው ነገር የጠፋው ይመስል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፦ ዘመዷ አይደለሁም። ያን ቃል ካወጣው ግን አራት ዓመት ሙሉ ባዕድ ወንድ ከትርሲት ክፍል ሲወጣና ሲገባ ኖሯል ማለት ነው፤ የሷ ስም በቡሬ ገበያ ያልቅለታል። ዝም ካለ ደግሞ በገዛ አፉ ሊድራት ነው። ዘመድ የሚለውን አለ፦ «ተመካክሬ ልንገራችሁ። ለሳምንት ተመለሱ።»

ከዚያ በሩጫ ወደ ትርሲት ሄደ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

«አስናቀው ሽማግሌ ልኮብሻል።»

«ምን አልህ?»

«ተመካክሬ ልንገራችሁ አልሁ።»

«ከማን ጋር ልትመካከር?»

«ካንቺ ጋር ነዋ።»

እሷ የምትጠብቀው ሌላ ቃል ነበር። ስትጠብቅ ሁለት ዓመት አልፏታል። ይህን ዝርክርክ ሰው ትወደው ነበር፤ ከመውደዷ ይልቅ ምኑን እንደ ወደደችው ማስረዳት አለመቻሏ ያናድዳት ነበር። «ዘመድ አይዶለህ?» አለችው። «እንደ ዘመድነትህ አስበህ መልስ ስጥ።» ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ እርማቷን ቀጠለች። ያን ቀን አንድ ትክክለኛ መልስ ላይ ኤክስ ማድረጓን ያወቀችው በማግስቱ ተማሪው ሲያሳያት ነው።

በዚያ ሳምንት ቢያድግልኝ ቅዳሜን ቀረ። በጋራዡ በኩል ሳልፍ ባጃጅ ሲገጥም አየሁት፤ አንድም ብሎን አልተረፈችውም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ለሠርግ የሚሆን ኮት ለማየት ፍኖተ ሰላም እየሄድሁ ነበር።

እሑድ ሽማግሎቹ እኛ ግቢ ተሰበሰቡ። ግቢው መሐል ወንበር ወጣ፤ እነሱ ግን በደንቡ ቆመዋል። ቢያድግልኝ ሸሚዙ ተተኵሷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀድሞ ደርሷል። እማማ ንግሥቴ ከበራቸው ላይ ናቸው። ትርሲት ክፍሏ ውስጥ፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጌ።

«ከመልስህ በፊት ዘር ይቆጠር» አሉ መሪጌታ። የኔን ቆጠሩ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ በላብ ተጠመቅሁ። «በል የእኅትህን ቁጠር።»

ጠዋት ያስቀመጠውን መፍቻ ማታ የማያገኘው ሰው ጀመረ። «ትርሲት አስረስ፣ አስረስ ጥሩነህ፣ ጥሩነህ ገላው፣ ገላው እንግዳ፣ እንግዳ ወልደ ገብርኤል፣ ወልደ ገብርኤል ቢተው፣ ቢተው ዓለሙ።» ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ እናቷ ተሻገረ፤ ያንንም ሰባት አደረሰ።

መሪጌታ በመቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። «የናቷን ማወቅህ ደንብ ነው፤ ያንተም ዘር ነውና። የአባቷን ማን አስተማረህ?»

«አምና ለአያቷ ተዝካር ደምበጫ ሳደርሳት፣ የአገሩን ሽማግሎች አንድ በአንድ ጠየቅሁ።»

«ለምን ብለህ?»

ቢያድግልኝ ወደ ትርሲት በር ዞር አለ፤ ከዚያ ወደ መሬት። «የናቷም ዘር የኔ አይዶለም መሪጌታ። ውቢት የምትባል አክስት የለችም። በአባቷም በናቷም እስከ ሰባት ቆጥሬዋለሁ፤ እኔና ትርሲት የትም አንገናኝም።»

በአገራችን ወንድ ልጅ ባዕድ ሴትን ሰባት ቤት የሚቆጥረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላገባት እችላለሁ ወይ ለማለት። እዚያ የቆመ ሁሉ ገባው። እኔም በበሩ ስንጥቅ ገባኝ።

ያን ጊዜ የትርሲት በር ተከፈተ። ቀይ እስክሪብቶዋን እንደ ያዘች ናት።

«ሲቆጠር ቢተው ከወልደ ገብርኤል ይቀድማል» አለች። «ገልብጠኸዋል።»

«አንቺስ የሱን ታውቂያለሽ?» አሉ መሪጌታ።

ቆጠረችው። አባቱን እስከ ሰባት፣ እናቱን እስከ ሰባት፤ በአዊኛ የወጡትን ሁለቱን ስሞች ደግሞ በአዊኛ ለዛቸው። የቢያድግልኝ እናት ለሕክምና ቡሬ መጥተው ሦስት ሳምንት ትርሲት ክፍል ነበር ያረፉት፤ እኛም የአባቱ እኅት ናቸው ተብለን ነበር።

«መቼ ተማርሽው?» አሉ መሪጌታ።

«ካቻምና ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን።»

«እኔ ቀኑን እንጃ» አለ ቢያድግልኝ ቀስ ብሎ።

«ውቢትስ?» አሉ እማማ ንግሥቴ ከበራቸው።

«ኖራም አታውቅም እማማ» አለ ቢያድግልኝ። «ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ በረንዳው ላይ ተቀመጡና ለውቢት አለቀሱላት፤ አራት ዓመት ያስታመሟት እሳቸው ናቸው። ከሽማግሎቹ ሦስተኛው ግን ፊታቸው ጠቍሯል። «ባዕድ ወንድ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ክፍል ሲገባ ኖሯል። ይህን አባቷ ዘንድ ምን ብለን እንወስደዋለን?» አሉ። የትርሲት ፊት ዐመድ መሰለ።

መሪጌታ በሬን በመቋሚያቸው ጫፍ ነኩት። «አስናቀው፣ ውጣ። ባንድ ኮምፔርሳቶ የምትዋሰናት አንተ ነህ። ምን ሰማህ?»

ወጣሁ። አዲሱን ኮት ለብሼ ነበር። አንዲት ቃል ብቀምም ቢያድግልኝ በዚያ ግቢ ሁለተኛ አይታይም። ትርሲት አየችኝ፤ አልለመነችኝም። ሰዓቷንም አላየችም።

«ሳቅ» አልሁ። «በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሳቅ ብቻ ነው የሰማሁ።»

ይህን ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ እማማ ብቻቸውን እንዳያለቅሱ ብዬ ነው እላለሁ ዛሬ።

መንገዱ ሲከፈት እነዚያው ሦስት ሽማግሎች ደምበጫ ወረዱ፤ ለቢያድግልኝ ሊለምኑ። በጥር ተጋቡ። እማማ ንግሥቴ ለጎረቤት ሲያስተዋውቋቸው ዛሬም «የአክስትና የአክስት ልጆች ናቸው» ይላሉ፤ ሰውም ደንግጦ ያማትባል። ምድጃቸው አሁንም አንድ ብሎን ይጎድለዋል። ብሎኗ በጣሳ ተቀምጣለች፤ ጣሳው ላይ ቀን ተጽፎበታል።

ያን ዕለት መሪጌታ ሲወጡ ጠጋ አሉኝና፣ «ስድስተኛው አያትህ ቆጣሪያቸው የተበላሸባቸው ሰውዬ ናቸው አይዶል?» አሉኝ። ለፋሲካ አገሬ ገብቼ ሽማግሎችን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አሁን አባቶቼን በሁለቱም በኩል እስከ ሰባት አውቃለሁ። የትርሲትንም በጆሮዬ ስለ ቀረ ደርቤ ቆጥሬው ነበር፤ እኔና እሷም የትም አንገናኝም።