ተረከዝ የሌለው ዱካ

ሕቖ ገመል የምንለው ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው፣ ጠዋት ጉሙ ሳይመጣ፣ በአስመራ ዳርቻ ያለውን የሓዝሓዝ ሰፈር ቤቶች ጣሪያ መለየት ይችላል። ስሙ የግመል ጀርባ ማለት ነው። ኮረብታው ላይ ሰባት ጓዶቻችን ተቀምጠው ከታች ያለውን የመኪና መንገድ ይጠብቁ ነበር። የቀረነው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ከዚያ በስተደቡብ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀን ገደል ውስጥ ነበርን። በሁለቱ መካከል መልእክት የምናመላልስ ሁለት ሯጮች ነበርን፤ ለተ እና እኔ።

ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለመጡት ልጆች ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ የምጽፈውም በእሱ ነው። ጊዜው የንጉሡ መንግሥት አስመራን ይገዛ የነበረበት የመጨረሻው ዘመን ነበር። ስለ ጦርነቱ ሁሉ መናገር አልችልም። የማውቀው በእግሬ ያለፍኩበትን ያህል ነው።

ሯጮች የምንሄደው በባዶ እግር ነበር። ጫማ አጥተን አይደለም። ሁላችንም የምናደርገው የላስቲክ ሰንደል፣ ሺዳ የሚባለው፣ አሸዋ ላይ ሲያርፍ መስመር መስመር ያለው ምልክት ይተዋል። ያንን ያየ የወታደሮቹ ዱካ አንባቢ፣ ታጋይ ማለፉን ያውቃል። ባዶ እግር ግን የማንም ነው። ውሃ የምትቀዳ ሴት ልትሆን ትችላለች፣ እንጨት የምትለቅም ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሁለት ሴቶች፣ ባዶ እግራቸውን፣ ጀሪካን ይዘው። ወረቀት አይያዝም። ቃሉን በጭንቅላታችን ነበር የምንይዘው። ሁለት የምንሆነውም አንዷ ብትወድቅ ቃሉ አብሯት እንዳይወድቅ ነው።

እኔ አስመራ ውስጥ የማይ ጭሆት ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ጫማ አድርጌ ነው። ሩጫውን ያስተማረችኝ ለተ ናት። እዚያው አካባቢ ቁልቁለት ላይ ተወልዳ ያደገች፣ በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። «ጓል ማይ ጭሆት» ትለኛለች፣ የማይ ጭሆት ልጅ ማለቷ ነው። «እግርሽ እኮ የጣሊያን ሲኞራ ነው። ካልሲ እንግዛለት እንዴ?» ጓዶች ይስቃሉ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ግን በደንብ አስተማረችኝ። እርምጃሽን አሳጥሪ። እግርሽን አትዪ፣ ከፊትሽ ሦስት እርምጃ አስቀድመሽ እዪ። ቁልቁለት ላይ ጉልበትሽን ላላ አድርጊው። በአምስት ወር ውስጥ እግሬ ጠጠር የማይሰማው ሆነ።

እሾሁ የወጋኝ አንድ ቀን ከኮረብታው ስመለስ ነው። ግራ ተረከዜ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። በመርፌ ፈለግሁት፣ አጣሁት። በሦስተኛው ቀን አበጠ። በአምስተኛው ቀን የራሱ ልብ እንዳለው ሁሉ ይመታ ጀመር።

ሐኪማችን ዮሴፍ ከዚያ በፊት አስመራ ውስጥ መድኃኒት ቤት ይሠራ የነበረ ነው። ቁስል የሚያየው ከአንድ ግራር ሥር፣ ሁሉም ሰው ተቀምጦ በሚያወራበት ቦታ ነበር። እዚያ መሃል እግሬን ዘርግቼ ወንድ ይዞ ሲያገላብጠው ማሰብ አልቻልኩም። ደግሞም ካየው ከሩጫ አውጥተው ወደ ማብሰያው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ተረከዜን አንስቼ መሄድ ለመድኩ። በግራ እግሬ ጣቶች ብቻ እረግጣለሁ። ሩጫ ላይ ብዙም አያስታውቅም። እንዲህ ሆኜ አራት ጊዜ ኮረብታውን ወጥቼ ወረድኩ። ለተ ስትጠይቀኝ «እሾህ ነበር፣ ወጥቷል» አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለተ ውሃ ልትቀዳ ወደ ወንዙ ወርዳ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ግራ እግርሽን አሳርፊ» አለችኝ።

በጣቶቼ አሳረፍኩ።

«ሙሉውን።»

አልቻልኩም። ክንዴን ይዛ ወደ ጋንታ መሪያችን ወደ ተኽለ ወሰደችኝና ያየችውን ነገረችው። ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ የእኔ የግራ እግር ዱካ አለ፤ ተረከዝ የለውም። አንድ ሰው በዙሪያው በእንጨት ክብ አስምሮበታል። ከዚያ ሃያ እርምጃ ወደ ኮረብታው ሌላ ክብ አለ። ከዚያም ሌላ። ዱካ አንባቢ የሚሠራው እንዲህ ነው። በሌላ ቀን ሲመለስ ያው እግር መሆኑን ለማወቅ ምልክት ያደርግበታል።

«ውሃ የምትቀዳ ሴት ናት እንዲሉ ነበር» አለች ለተ። «ይቺ አንካሳ ግን ጀሪካኗን ይዛ በየሁለት ቀኑ ውሃ ወደሌለበት ኮረብታ ትወጣለች። እኔም ብሆን እከተላት ነበር።»

ተኽለ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እግሬን አየ፤ ሊጠይቀኝ ሲል የጥበቃ ጓዳችን እየሮጠ መጣ። ሦስት መኪና ወታደር መንገዱ ላይ መውረዱን፣ ወታደሮቹም ለሁለት ተከፍለው አንዱ ክፍል ወደ ወንዙ ማምራቱን ነገረን።

ሰባቱ ችግር ቢመጣባቸው በወንዙ በኩል እንዲወርዱ ነበር የተወሰነላቸው። በዚያ ከወረዱ በቀጥታ ወታደሮቹ እጅ ይገባሉ።

«በሰሜን፣ በኮረብታው ጀርባ ይውረዱ» አለ ተኽለ። «ለተ፣ አንቺ ሂጂ። ከአንቺ ጋር...»

«መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ» አልኩ። ሳልጠየቅ በመሪ ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«በዚህ እግር?»

«በዚህ እግር።»

«ሰባት ሰው ነው» አለኝ።

«እወ» አልኩት። አዎ።

ቃሉ አጭር ነበር፤ «በጀርባው ውረዱ። ወንዙን አትንኩ።» ሁለታችንም ደገምንለት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን።

ወንዙን ትተን በጎን ወጣን። እኔ ከፊት በጣቶቼ እየሮጥኩ፣ ለተ ከኋላ ዱካዬን በቅጠል እየጠረገች። መንገዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወደ ኮረብታው ይወጣል፣ ቀኙ ወደ ደረቅ ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ ስንደርስ ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን። ከዚያ የሰው ድምፅ። ለተ ሁሉንም ዱካ አላጠፋችውም ነበር፣ ደርሰውበታል።

«ከዚህ ጀምሮ ተረከዝሽን አሳርፊ» አለችኝ።

«አልችልም።»

«ትችያለሽ። የሚፈልጉት አንካሳዋን ነው። እኔ አንካሳ እሆንላቸዋለሁ፣ አንቺ ደህና ሴት ሁኚ።»

«ብቻዬን? ቃሉስ?»

«ቃሉማ አንቺ ጋር ነው። እኔ እግርሽን ነው የምወስደው።»

ግራ ተረከዟን አነሳችና በቀኙ መንገድ ጥቂት እርምጃ ሄደች። ዘወር ብላ የራሷን ዱካ አየች። «የኔ እግር ጀልባ ነው፣ ያንቺ ቀጭን ነው» አለች። «እንግዲህ በሁለት ቀን ወፈረች ይበሉ።» ወደ ሸለቆው ወረደች።

ተረከዜን አሳረፍኩ። ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። ዳገት የሚሮጥ ሰው ተረከዙን አያሳርፍም፤ ስለዚህ መሮጥ አልቻልኩም። ውሃ እንደተሸከመች ሴት ፈጠን ብዬ፣ ሙሉ እግሬን መሬቱ ላይ እያተምኩ መራመድ ነበረብኝ። እስከ መቶ እቆጥራለሁ፣ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። በሦስተኛው መቶ ላይ እብጠቱ ፈነዳ። በጨርቅ ባስረው ጨርቁ ሌላ ምልክት ይሆናል፤ ደሙም እንዲሁ። ተቀምጬ አፈር ሞላሁበትና ተነሳሁ። ከላይ ድንጋያማው ሲጀምር ዱካ አይቀርም። እዚያ ሮጥኩ።

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። የሰባቱ መሪ መሓሪ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አለ።

«ለተ የት አለች?»

«በጀርባው ውረዱ። ወንዙን አትንኩ» አልኩት። እሱም ጥያቄውን አልደገመም።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከመንገዱ በኩል መትረየስ ተከፈተብን። ሁለተኛው የወታደር ክፍል ነበር። አንገታችንን ቀና ማድረግ አልቻልንም። ሁላችን አብረን ብንነሳ ማናችንም አንተርፍም።

«አራታችሁ ከእሷ ጋር ውረዱ» አለ መሓሪ። «ሦስታችን ትንሽ እንቆያለን።»

ከእሱ ጋር የቀሩት ግርማይና ስዒድ ናቸው። ስዒድ የጥይት ከረጢቱን ወደ ራሱ ሳበና «ሻሂውን አትጨርሱት፣ እመጣለሁ» አለን።

በጀርባው ወረድን። እዚያ ማንም አልጠበቀንም፤ ከወንዙ የመጡት ሁሉ ለተን ተከትለው ሸለቆ ገብተዋል። ከላይ የሦስት ጠመንጃ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሰማን። ከዚያ የሁለት። አምስት ሰዓት ላይ የአንድ። ከሸለቆው በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ተተኮሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጋንታችን ደረስን። ዮሴፍ ግራሩ ሥር አስቀመጠኝ። ሰዎች ከበው ቆመዋል። እግሬን ዘረጋሁለት። በወረንጦ ያወጣው እሾህ የትንሽ ጣቴን ጥፍር ግማሽ አይሞላም ነበር።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ዘጠኝ።»

ስለ ሞላሁበት አፈር ተቆጣኝ። ወረንጦውን ጠርጎ ወደ ሣጥኑ መለሰው።

ወታደሮቹ በማግስቱ ሲለቁ ጓዶች ሄደው ሦስቱን ቀበሩ። እኔን በበቅሎ ወደ ሸለቆው ወሰዱኝ፤ ለተን ለማየት ለምኜ ነው። ዱካዋ አሸዋው ላይ ነበር። ሸለቆውን ሙሉ ወርዶ ከወደቀችበት ቋጥኝ ድረስ ይሄዳል። ግራ ተረከዟን አንድ ጊዜ እንኳ አላሳረፈችውም። እዚያው ቀበርናት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተኽለ ሰበሰበን። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው የሠራውን ይናገራል። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። ድምፅሽ አይሰማም አሉኝ፣ ከፍ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። እሾሁ የገባበትን ቀን፣ ለለተ የዋሸሁትን፣ ለምን እንደደበቅሁት ነገርኳቸው። ከእኔ ጋር ከወረዱት አንዱ «ያለዚያም ያገኙን ነበር» አለ።

«ይሆናል» አለ ተኽለ። ቀጥሎ «ከነገ ጀምሮ ሯጮች ጠዋት ጠዋት ውስጥ እግራቸውን ያሳያሉ» አለ። ቅጣት እየጠበቅሁ ቆየሁ። ስብሰባውን ዘጋ።

እግሬ ከዳነ በኋላ አሥራ አንድ ወር ሮጥኩ፤ አዳዲስ ልጆችም አስተማርኩ። ከመካከላቸው የሚያፍሩ ነበሩ። እነሱን ከሰው ራቅ አድርጌ ከድንጋይ ጀርባ አስቀምጥና እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ አያለሁ። የተወጋ ካለ ወረንጦውን ከዮሴፍ እቀበላለሁ።

የሞቱት አራት ናቸው፤ መሓሪ፣ ግርማይ፣ ስዒድ፣ ለተ። የወረዱትም አራት ናቸው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲነግረኝ ሊያጽናናኝ ነው፤ የቐንየለይ እለዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። ዱካ አንባቢው ያለ እኔ ኮረብታውን ያገኝ እንደነበር ግን እኔም አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። የማውቀው እሾሁ በገባ ማግስት ጠዋት ዮሴፍ ግራሩ ሥር ብቻውን ተቀምጦ እንደነበር ነው። እንዴት አደርሽ አለኝ። ደህና አልኩት፣ አልፌው ሄድኩ።